የቤተሰብ ጤና፦ ሳያሳምም የሚጎዳ በሽታ



በአርሲ ደጋ ስንዴ የዘራ ገበሬ ክረምቱ ሲገፋ ቤቱ አይቀመጥም። ማሳው ውስጥ ይገባና ቅጠሉን በጣቱ ያሻል። ጣቱ ቢጫ ዱቄት ይዞ ከወጣ ዋግ ገብቷል ማለት ነው። ከሩቅ ሲታይ ማሳው ገና አረንጓዴ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአርሲና በባሌ ስንዴ ላይ ያደረሰውን ያየ ገበሬ በሩቅ እይታ አይታለልም።

ስለ ሰብላችን ይህን ያህል ንቁዎች ነን። ስለ ገዛ ደማችንስ? በዛሬው ጽሑፋችን ሳያሳምሙ ስለሚጎዱት ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር በሽታና ስለ ማኅፀን ጫፍ ካንሰር፣ እንዲሁም አስቀድሞ ስለ መመርመር እንነጋገራለን።

የአንዲት እናት ነገር

ከመካከላችን የአንዱ እናት ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ይኖራሉ። አንድ ቀን ለጉንፋን ጤና ጣቢያ ሄደው ግፊታቸው ሲለካ 180 በ110 ሆኖ ተገኘ። የአንድ ወር መድኃኒት ተሰጣቸው። በሥርዓቱ ወስደው ጨረሱት። ራስ ምታት የለ፣ ድካም የለ። «አልሐምዱሊላህ፣ ድኛለሁ» አሉና ተመልሰው አልሄዱም።

ከስምንት ወር በኋላ ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ጀበናውን እንዳነሡ ወደቁ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ እጃቸውና አንደበታቸው ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሱም። ዛሬ ተስቢሕ የሚያደርጉት በግራ እጃቸው ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የእኛ የልጆች ድርሻ አለ። ለበዓል ስኳር ልከናል፣ ልብስ ልከናል። በየሳምንቱ ደውለን «እማዬ፣ ደኅና ነሽ?» ብለናል። «ደኅና ነኝ» ሲሉን አምነን ዘግተናል። «መድኃኒትሽ መቼ ያልቃል? ግፊትሽ ስንት ሆነ?» ብለን የጠየቅን ግን አልነበርንም።

ቁጥርዎን ይወቁ

አንዳንዶቻችን «ይህ የከተማና የሀብታም በሽታ ነው፤ የኃይሌና የደራርቱ አገር ሰው በዳገቱ ሲወጣ ሲወርድ እየዋለ ግፊት ከየት ይመጣበታል?» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2015 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 በሆኑ ሰዎች ላይ በመላ አገሪቱ የተደረገው ጥናት ግን ከመቶ ሰዎች ወደ 16 የሚጠጉት ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከእነዚህም እጅግ የሚበዙት መድኃኒት የማይወስዱ ነበሩ።

ግፊት በተለያየ ቀን ተለክቶ የላይኛው 140 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ በሽታው አለ ማለት ነው። ስኳር ደግሞ ምግብ ሳይቀመስ ጠዋት ሲለካ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነና በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ በሽታው አለ። ከ100 እስከ 125 ያለው ማስጠንቀቂያ ነው።

ዕድሜው ከ30 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ለማንኛውም ጉዳይ ጤና ጣቢያ ሲሄድ «ግፊቴንም ለኩልኝ» ቢል አያፍርበትም። ልኬቱ ከደቂቃዎች አይበልጥም፤ አይወጋም፣ አያደማም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ያሉ እህቶቻችንን አፍርቷልና ለምክር ወደ እነርሱ መሄድ ቅርብ ነው። የክፍያ ሥጋት ላለበት ቤተሰብም በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን አባል መሆን ትልቅ እፎይታ ነው።

እህቶችና እናቶች ሆይ! የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው። ወደ ካንሰር ሳይለወጥ ከተደረሰበት በቀላል ሕክምና ይወገዳል። ምርመራው በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይመከራል። ሐያእ ከኢማን ነው፤ ነገር ግን ሐያእ ከሕክምና የሚያስቀር አይደለም። ሴት ባለሙያ እንድትመረምራችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ባሎችም «ሂጂ፣ እኔ ልጆቹን እይዛለሁ» ማለት ይገባናል። ይህን ካንሰር የሚከላከለው ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። አባቶች ለሴት ልጆቻችሁ ይህን አትንፈጉ።

መድኃኒቱ ያለቀ ዕለት በሽታው አያልቅም

ወባ ይታከማል፣ ይድናል፣ ያበቃል። ግፊትና ስኳር ግን እንደዚያ አይደሉም። ልኬቱ የተስተካከለው መድኃኒቱ ስለሚሠራ ነው፤ ሲቋረጥ ግፊቱ ይመለሳል። ያለ ሐኪም ምክር ማቆም፣ የጎረቤትን መድኃኒት መዋስ፣ «ዛሬ ደኅና ነኝ» ብሎ መዝለል፣ እነዚህ ሁሉ ወደዚያች እናት ዕጣ የሚወስዱ መንገዶች ናቸው።

ቻይና እ.ኤ.አ. በ2009 ባስጀመረችው የመሠረታዊ ጤና አገልግሎት መርሐ ግብር የግፊትና የስኳር ሕሙማን በቅርብ ጤና ተቋም ተመዝግበው ቢያንስ በዓመት አራት ጊዜ ክትትል እንዲደረግላቸው ደንግጋለች። ሕመምተኛው እስኪወድቅ አይጠበቅም፤ ባለሙያው ራሱ ይጠይቀዋል። በዚያው አገር በ600 መንደሮች የተካሄደና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናትም አለ። ከተካፈሉት ወደ 21 ሺህ ሰዎች የሚበዙት ከዚህ ቀደም ስትሮክ የመታቸው ነበሩ። የተለመደው ጨው ከፊሉ በፖታስየም ጨው በተተካላቸው ሰዎች ላይ ስትሮክ በ14 በመቶ ያህል ቀንሷል። የፖታስየም ጨው ኩላሊቱ ለታመመ ሰው አደገኛ ስለሆነ ያለ ሐኪም የሚሞከር አይደለም። ትምህርቱ ግን ለሁላችን ነው፤ ከድስት የሚቀነስ ጨው ሰውን ከመውደቅ ያድናል።

የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚመክረው ጨው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ወጡ፣ ገንፎውና በየገጠሩ በጨው የሚጠጣው ቡና ተደምረው ስንት ይሆናሉ? እናቶች በዚህ ወር ጨዉን በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል። ወጣቶች ደግሞ ሲጋራና ሺሻ የደም ሥርን እንደሚጎዱ፣ ጫትም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ ይወቁ።

ረመዷንና ሕመምተኛው

ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ ነው። ግፊቱ የተስተካከለና በቀን አንድ ጊዜ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሙ ሰዓቱን ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሑር ያዛውርለታል። ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ግን ነገሩ ከባድ ነው፤ ወሩ ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር አለበት። በጾም ላይ እያለ ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙን መፍታት ይኖርበታል። ላብ ላብ ማለት፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት የመውረዱ ምልክቶች ናቸው። ስኳር ለመለካት ጣትን መውጋት ጾምን እንደማያበላሽ ብዙ ዑለማዎች ገልጸዋል።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ ለሕመምተኛ ፈቃድ ሰጥቷል። የጌታን ፈቃድ መቀበል የኢማን ድክመት አይደለም። በዚህ ጉዳይ ሐኪምንም፣ ዓሊምንም ጠይቁ።

የቤት ሥራችን

ውድ ወጣቶች! በዚህ ሳምንት እናታችሁንና አባታችሁን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቁጥሩን በደብተር ጻፉት፤ ቀጣዩን የቀጠሮ ቀን ግድግዳ ላይ ለጥፉት። በሩቅ ያላችሁም ስትደውሉ ከ«ደኅና ነሽ?» ቀጥሎ «መድኃኒትሽን ወስደሻል?» በሉ። እኛ ይህችን ጥያቄ ዘግይተን ተማርናት፤ አሁን በየሳምንቱ እንጠይቃለን፤ እናታችንም በግራ እጃቸው የመድኃኒቱን ካርድ አውጥተው ልጆቹ የቀረውን ፍሬ እንዲቆጥሩላቸው ያደርጋሉ።

አላህ ለሕሙማኖቻችን ሺፋእ፣ ለጤነኞቻችን ጥንቃቄን ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።