አውሬው ከወዴት መጣ?

በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሰሚትና በአያት ባሉ ብዙ ቤቶች ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ የፊልም ዲስኮች ተደርድረው ይታያሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹን ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የመጣ ዘመድ ከነሣጥናቸው በሻንጣው ያመጣቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከሰፈሩ ሲዲ ቤት፣ ስድስትና ስምንት ፊልም በአንድ ዲስክ ላይ ተገልብጦባቸው የተገዙ ናቸው። ዛሬ ብዙው ሰው ፊልም የሚቀበለው በፍላሽ ቢሆንም፣ ባለ ሥዕሉ ሣጥን ገና ከመደርደሪያው አልወረደም። ልጆችም ከሁሉ አብልጠው የሚሹት ታላላቅ አውሬዎች ከተማ ሲያፈርሱ የሚያሳየውን ነው፤ የእነዚህም አውሬዎች አለቃ ጎድዚላ የተባለው የጃፓኑ አውሬ ነው።

በዚህ ነገር ወላጆች በሁለት ተከፍለው እናያቸዋለን። አንዳንዶቹ ሣጥኑን ቈልፈው ያስቀምጡታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ልጁ ዝም ይበልልን ብለው እንደ ሞግዚት ይጠቀሙበታል። እኛ ግን ከመከልከልም ከመልቀቅም በፊት ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ እንላለን፤ ይኸውም አውሬው ከወዴት መጣ? የሚለው ነው።

አውሬ ለቤታችን እንግዳ አይደለም። አክሱምን ይገዛ ስለ ነበረው ስለ ዘንዶው ስለ አርዌ ከአያቶቻችን ሰምተናል። የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል በተሰቀለበት ቤት ሁሉ ደራጎኑ ከፈረሱ እግር በታች ወድቆ ይታያል። በመጽሐፈ ኢዮብና በመጽሐፈ ሄኖክም የባሕሩ ሌዋታንና የየብሱ ብሔሞት ተጽፈዋል። ነገር ግን አባቶቻችን አውሬውን ያነሡት ልጅን ለማስደንገጥ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ከምን እንደ ዳነና ማን እንዳዳነው ለማስረዳት ነበር። የጃፓኑም አውሬ መጀመሪያ ሲታሰብ እንዲሁ ቁም ነገር ተሸክሞ ነበር።

በ1946 ዓ.ም. የካቲት 22 ቀን፣ እኛ የዓድዋን ድል በዓል ለማክበር በዋዜማው ላይ ሳለን፣ አሜሪካኖች በሰላማዊው ውቅያኖስ፣ ቢኪኒ በተባለው ደሴት አጠገብ አንድ የሃይድሮጅን ቦምብ አፈነዱ። ኃይሉ የ6 ሚሊዮን ቶን ፈንጂ ያህል ይሆናል ብለው የገመቱት 15 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ሂሮሺማን ካጠፋው ቦምብ አንድ ሺህ እጥፍ ያህል ነው። በዚያች ሰዓት 23 ሰዎችን የያዘች አንዲት የጃፓን ዓሣ አጥማጅ መርከብ በሩቅ ነበረች። ነጭ አመድ እንደ በረዶ ወረደባቸው፤ ሁሉም ታመሙ፤ የመርከቢቱም የሬዲዮ ሠራተኛ በ1947 ዓ.ም. መስከረም ወር ሞተ። በቀጣዩ ወር፣ ጥቅምት 24 ቀን፣ የመጀመሪያው የጎድዚላ ፊልም በጃፓን ታየ። ያዘጋጀውም ኢሺሮ ሆንዳ ወታደር ሆኖ ከጦርነት ሲመለስ የሂሮሺማን ፍርስራሽ በዐይኑ ያየ ሰው ነበር።

ስለዚህ ፊልሙ የሚጀምረው በባሕር ላይ ድንገት በብርሃን ተመትታ በምትሰጥም መርከብ ነው። አውሬው ከባሕር ጥልቅ የወጣው የሰው ቦምብ ቀስቅሶት ነው፤ ከአፉም የሚተፋው የዚያኑ ቦምብ መርዝ ነው። ከተማው ከተቃጠለ በኋላ ቁስለኞች በሆስፒታል ወለል ላይ ተዘርግተው ይታያሉ። አንዲትም እናት ሕፃናቷን በእቅፏ ይዛ፣ ወደ ሞተው አባታቸው የምትሄዱበት ሰዓት ደረሰ እያለች ስታጽናናቸው እናያለን። ይህን ያየ ልጅ ፎቅ ሲፈርስ እጁን አያጨበጭብም፤ በፎቁ ውስጥ ማን ነበረ? ብሎ ይጠይቃል እንጂ።

በዚሁ ፊልም ሴሪዛዋ የሚባል ሊቅ ከቦምቡ የማያንስ አዲስ መሣሪያ በቤተ ሙከራው አግኝቷል። በዚያ መሣሪያ አውሬውን መግደል ይቻላል፤ ሊቁ ግን ነገ ነገሥታትና ጄኔራሎች ሰው ሊፈጁበት እንደሚሹ ስላወቀ እንቢ አለ። በመጨረሻም የሕዝቡን ሥቃይ አይቶ ተስማማ። አስቀድሞ ወረቀቶቹን ሁሉ አቃጠለ፤ መሣሪያውንም ይዞ ወደ ባሕር ወርዶ ከአውሬው ጋር በዚያው ቀረ። ራሱን በገዛ እጁ ማጥፋቱን ሃይማኖታችን አይቀበለውም፤ ይህንንም ለልጆች በግልጥ መንገር ይገባል። ወረቀቶቹን ማቃጠሉ ግን የተማረ ሰው ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው። በ1928 ዓ.ም. በማይጨው ጦርነት ዘመን በአባቶቻችን ላይ ከሰማይ የዘነበው የመርዝ ጭስ፣ ዕውቀት ያላቸው ሰዎች በቤተ ሙከራ ያዘጋጁት ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ ቆመው የከሰሱት ይህንኑ ነው። እንግዲህ የሴሪዛዋ ጥያቄ ለእኛ የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም።

ከዚህ በኋላ አውሬው ምን እንደ ደረሰበት ለማሳየት የፊልሞቹን ዓመት በሣጥኑ ላይ እንደ ተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር እንጠቅሳለን። በ1956 አሜሪካኖች ፊልሙን ቈራርጠው፣ ስለ ቦምቡ የሚናገረውን ብዙውን ቀንሰው፣ አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ጨምረውበት ለአገራቸው አሳዩ። ጃፓኖችም ራሳቸው በ1964 ጎድዚላን ባለ ሦስት ራሱን ጊዶራን እንዲዋጋ አደረጉት፤ ከዚያም ወዲህ አውሬው እየዋለ እያደረ የልጆች ወዳጅና የአገር ጠባቂ ሆነ። በዚህ ልጆች ቢስቁ ነውር የለበትም፤ ጨዋታ ጨዋታ ነው።

የሚያሳስበን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ2014 በወጣው የአሜሪካ ፊልም፣ በ1954 በውቅያኖሱ የፈነዱት ቦምቦች ሙከራ አልነበሩም፤ አውሬውን ለመግደል የተጣሉ ነበሩ ተባለ። በመጀመሪያው ፊልም ቦምቡ የአውሬው መነሻ ነበረ፤ በዚህኛው ግን ከአውሬው መከላከያ ሆነ። በ2019 በወጣው ደግሞ ሴሪዛዋ የሚለውን ያንኑ ስም የያዘ ሊቅ የደከመውን አውሬ ለማዳን የኑክሌር ቦምብ በእጁ ያፈነዳል። የፊተኛው ሴሪዛዋ መሣሪያው በዓለም እንዳይቀር ወረቀቱን አቃጠለ፤ የኋለኛው ቦምቡን መድኃኒት አደረገው። ስሙ አንድ ሲሆን ሥራው ተቃራኒ ነው። ሁለተኛውን ብቻ ያየ ልጅ የሚማረው፣ ያ አመድ የወረደባቸውን ዓሣ አጥማጆች ሳያውቅ፣ ቦምብ ጠባቂ መሆኑን ነው።

ሁሉም ወደዚያ አዘነበለ ለማለት ግን አንደፍርም። በ2023 ጃፓኖች የሠሩት፣ በተከታዩም ዓመት በሥዕል ጥበቡ የኦስካርን ሽልማት ያገኘው ፊልም፣ ለአገሩ ይሞት ዘንድ ታዝዞ ከሞት ስለ ሸሸ አንድ አውሮፕላን ነጂ ይናገራል። ይህ ሰው ኀፍረቱን ተሸክሞ ይኖራል፤ በመጨረሻም የሚማረው መሞትን ሳይሆን መኖርን ነው። የፊተኛው ሴሪዛዋ ለተወው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ አላየንም።

አሁን ለቤተ ሰብ የሚጠቅመውን በአጭሩ እንናገር። በአንድ ዲስክ ላይ የተገለበጡት ብዙ ጊዜ አዳዲሶቹን ብቻ የያዙ ስለሆኑ፣ የ1954ቱ መኖሩን አስቀድሞ መመልከት ይገባል። ከ1954 እስከ 1975 የተሠሩት 15 ፊልሞች ክራይቴሪየን በተባለው የአሜሪካ ማተሚያ በ2019 በስምንት የብሉ ሬይ ዲስኮች በአንድነት ወጥተዋል። ነገር ግን ዘመድን አምጣልን ከማለት በፊት ልብ ሊባል የሚገባው፣ በአሜሪካ የታተመው ዲስክ «ኤ» ለተባለው ክፍል የተሠራ መሆኑ ነው፤ አፍሪካ ግን በ«ቢ» ክፍል ስለ ተመደበች፣ የክፍሉን ገደብ በማያነሣ ማጫወቻ ላይ አይሠራም።

የመጀመሪያው ፊልም ጥቁርና ነጭ ነው፤ ንግግሩም ጃፓንኛ ሲሆን ትርጉሙ በእንግሊዝኛ ከሥሩ ይጻፋል። ይህን ብዙዎች እንደ ጉድለት ይቈጥሩታል፤ እኛ ግን እንደ ጥቅም እናየዋለን። ትንሹ ልጅ ብቻውን ሊያየው አይችልምና፣ አባት ወይም እናት ወይም ታላቅ ወንድም አጠገቡ ተቀምጦ በአማርኛ ሊነግረው ግድ ነው። ለጨቅላ ሕፃናት የሆስፒታሉ ትዕይንት ስለሚከብድ ማቆየት ይሻላል። ከፍ ያለውም ልጅ ቢፈራ፣ አውሬው 100 ኪሎ ያህል የሚመዝን የጎማ ልብስ የለበሰ ሰው መሆኑን፣ ጩኸቱም ኮንትራባስ የተባለውን ትልቅ ባለ አውታር መሣሪያ አውታሮች በቈዳ ጓንት እያሹ ያወጡት ድምፅ መሆኑን ንገሩት። ማሲንቆ ሲመታ የሰማ ልጅ ይህን ቶሎ ይረዳዋል።

ፊልሙም ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን ዝጉና ልጁን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፤ አውሬው ከወዴት መጣ? በሉት። «ከባሕር» ብሎ ቢመልስ ገና አላየውምና ሌላ ቀን አብራችሁት ተቀመጡ። «ሰዎች ናቸው ያመጡት» ቢላችሁ ግን የቀሩትን ፊልሞች ያለ ብዙ ሥጋት ልትፈቅዱለት ትችላላችሁ።