የእጅ ጽሕፈት ምስክርነት

በአሁኑ ዘመን ሰነድ ፎቶግራፍ እየተነሣ በስልክ ከአገር ወደ አገር ይላካል፤ ፊርማና ማኅተምም ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ሊዛወር ይችላል። ስለዚህ ክርክር የተነሣበትን ጽሕፈት የመመርመር ጥበብ ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል። ነገር ግን ጥበቡ ያለ ጥንቃቄ ከተሠራበት ንጹሑን ሰው በደለኛ እንደሚያደርግ ያለፈው ታሪክ ያስረዳል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በ1894 ዓ.ም. በፓሪስ ከጀርመን ኤምባሲ ከተጣለ ወረቀት መካከል የጦር ምስጢር የሚዘረዝር፤ ፊርማ የሌለው ደብዳቤ ተገኘ። የጻፈው ሻምበል አልፍሬድ ድሬይፉስ ነው ተብሎ ተጠረጠረ። የፈረንሳይ ባንክ የጽሕፈት ዐዋቂ የነበረው ጎቤር ሌላ ሰው ጽፎት ሊሆን ይችላል ሲል፤ የፖሊስ ሹም የነበረው ቤርቲዮን ግን የድሬይፉስ ነው አለ። ጽሕፈቱ የሚመሳሰልበትን ስፍራ ማስረጃ አደረገው፤ የማይመሳሰልበትንም ስፍራ ሰውዬው ሆነ ብሎ እጁን ለውጦ የጻፈው ነው በማለት ደግሞ ማስረጃ አደረገው። እንዲህ ባለው ክርክር ቢመስልም ይፈረድበታል፤ ባይመስልም ይፈረድበታል።

ድሬይፉስ ተፈርዶበት ወደ ዲያብሎስ ደሴት ተጋዘ። በ1896 ዓ.ም. ኮሎኔል ፒካር ደብዳቤውን ከሻለቃ ኤስተርሃዚ ጽሕፈት ጋር ቢያስተያየው አንድ ሆኖ አገኘው። በዚያው ዓመት አንሪ የተባለ መኮንን ፍርዱን ለማጽናት ሐሰተኛ ደብዳቤ ሠራ። ይህም በ1898 ዓ.ም. በመብራት ሲመረመር የመሥመሮቹ ቀለም ስለተለያየ ከሁለት ወረቀት የተቀጠለ መሆኑ ተገለጠ። ይሁን እንጂ ድሬይፉስ ፈጽሞ ነጻ የወጣው በ1906 ዓ.ም.፤ ከ12 ዓመት በኋላ ነው።

በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ሽቴርን የተባለው የጀርመን መጽሔት የሂትለር የዕለት ማስታወሻ ተገኘ ብሎ አወጀ፤ ለዚህም 9.3 ሚሊዮን ማርክ ወጥቶበት ነበር። የጽሕፈት ሊቃውንት እውነተኛ ነው ብለው ነበር፤ ነገር ግን ለማስተያያ ከተሰጣቸው ወረቀት መካከል ያው አታላይ የጻፈው ነበረበት። ሐሰቱን የገለጠው የወረቀቱ ምርመራ ነው፤ ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራ ላይ የዋለ ማንጫ ቅመም ተገኝቶበታልና።

ከአንድ መምህር የተማሩ ቁም ጸሐፊዎች የፊደል አጣጣላቸው እንደሚመሳሰል ሊቃውንቱ ያውቃሉ። ስለዚህ መርማሪ የፊደሉን መልክ ብቻ ሳይሆን የብዕሩን አነሣስና አጫጫን፤ የመሥመሩን ፍጥነትና መንቀጥቀጥ ይመለከታል። ይህ ሁሉ በዋናው ሰነድ ላይ እንጂ በፎቶግራፉ ላይ በደኅና አይታይም።

እንግዲህ ፍርድ የሚሰጥ ሹም አራት ነገር ይጠይቅ። ዋናው ሰነድ ይቅረብ፤ ማስተያያ የሚሆነው ጽሕፈት በርግጥ የባለቤቱ መሆኑ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ወረቀቱና ቀለሙም ከጽሕፈቱ ጋር ይመርመሩ፤ መርማሪውም ማን እንደ ተጠረጠረ ሳይነገረው ሥራውን ይፈጽም። ይህን ማድረግ ጥቂት ቀን ያዘገይ ይሆናል፤ በችኮላ የተፈረደውን ፍርድ ማቃናት ግን የሰውን ዕድሜ ይበላል።