የከሚሴ ነገር ዳኛ ይፈልጋል

በዚህ ግቢ ስለ ውጭ አገር ፖለቲካ የሚናገር ሰው ታጥቶ አያውቅም። ማታ በመመገቢያው አዳራሽ ከተቀመጡት ማንኛውንም ብትጠይቁ ስለ ዩክሬን፣ ስለ ጋዛ፣ ስለ ሱዳን ጄኔራሎች ጠብ አስተያየቱን ሳያመነታ ይነግራችኋል፤ የጦር ግንባሮቹን ስም እንኳ በቃሉ ያውቀዋል። ይህ መልካም ነው። ተማሪ የዓለምን ነገር ካልተከታተለ ማን ሊከታተለው ነው? ነገር ግን ያው ተናጋሪ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ስላለችው ስለ ከሚሴ ቢጠየቅ መልሱ አጭር ነው። ወይ «እነሱ ጀመሩት» ይላል፤ ወይ «ለመሆኑ መንገዱ ተከፈተ?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ተማሪዎች ጥቂቶቻችን ከከሚሴና ከሰንበቴ፣ ጥቂቶቻችን ከአጣዬና ከካራቆሬ የመጣን ነን። ከመካከላችን የአንዱ አባት ሱቅ ተቃጥሏል፤ የሌላው አጎት ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ቀርቷል። ማን ጀመረው በሚለው ነገር ሦስት ሌሊት ተከራክረን አልተስማማንም፤ ስለዚህም እዚህ አታገኙትም። የተስማማንበት ሌላ ነው፤ እርሱም ይህን ጉዳይ የሚወስነው የመኝታ ቤት ክርክር ሳይሆን ዳኛ መሆን አለበት የሚለው ነው።

ቦታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በአማራ ክልል ውስጥ፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መንፈስ የተቋቋመ የራስ አስተዳደር ነው። የራሱ ምክር ቤት አለው፤ የሥራና የትምህርት ቋንቋው ኦሮምኛ ነው። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቆጠር ከ457 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው። አብዛኛው ኦሮሞና ሙስሊም ይሁን እንጂ አማራውም አርጎባውም እዚያው ተወልዶ እዚያው ይቀበራል። (የብሔረሰቦች ጥያቄ ኅዳር 1962 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት ላይ ሲነሣ ጸሐፊው ዋለልኝ መኮንን የወሎ ልጅ እንደ ነበረ በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ተገቢ ነው።)

መሬቱ ግን እንደ ካርታ ቀለም ተለይቶ አልተቀመጠም። ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ አውቶቡስ ሰንበቴ ሲደርስ ጂሌ ጥሙጋ ወረዳ ገባ፤ ይኸውም የኦሮሞ ዞን ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር አልፎ አጣዬ ሲቆም ሰሜን ሸዋ ነው። ጨፋ ሮቢት ሲደርስ እንደገና የኦሮሞ ዞን ነው። ተሳፋሪው ከመቀመጫው ሳይነሣ ሁለት አስተዳደርና ሁለት የሥራ ቋንቋ ተሻግሮ ተመለሰ ማለት ነው። እሑድ የሰንበቴ ገበያ ሲቆም፣ ሰኞ የባቲ ገበያ ሲቆም፣ ኦሮሞው አማራው አርጎባው አፋሩ በአንድ ሜዳ ላይ ይዋዋላል። በበጋ ደግሞ የቦርከና ውሃ በሚያረጥበው በጨፋ ሣር ላይ ከአፋር ቆላ የወጣው ከብት ከአገሬው ከብት ጋር ይውላል። በሣርና በውሃ ጠብ የለም አንልም፤ ኖሮም ያውቃል፤ ነገር ግን ያ ጠብ ከተማ አያቃጥልም ነበር።

ከተማ ያቃጠለው የኋለኛው ነው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ከከሚሴ እስከ አጣዬና ማጀቴ ተኩስ ተነሣ። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. እንደገና ተነሣ፤ በሚያዝያም አጣዬ ነደደች፤ በጂሌ ጥሙጋም መንደሮች ተቃጠሉ። በዚያው ዓመት በጥቅምት፣ ይቅርታ አንባቢ ሆይ፣ ዓመቱ ተለውጦ 2014 ሆኗል፣ የሕወሓትና የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ጦር ከሚሴን ያዘ፤ ከተማዋም እስከ ኅዳር መጨረሻ ገደማ በእጃቸው ቆየች። በጥር 2015 ዓ.ም. ደግሞ በጂሌ ጥሙጋና በአጣዬ ዙሪያ ያው ነገር ተደገመ። አንዱ ወገን የኦሮሞ ታጣቂ ወረረን ይላል፤ ሌላው የክልሉ ልዩ ኃይልና ፋኖ ገደለን ይላል። ሁለቱም ሬሳ አላቸው። ሁለቱም የተቃጠለ ቤት ያሳያሉ።

ከእሳቱ በኋላ የሚሆነውን የአካባቢው ሕፃን ሳይቀር ቅደም ተከተሉን ያውቀዋል። ጦር ይገባል፤ ኮማንድ ፖስት ይቋቋማል፤ መንገዱ ይከፈታል። ቀጥሎ የሰላም ጉባኤ ይጠራል፤ ከላይ የመጡ ባለሥልጣናት በፊት ወንበር ይቀመጣሉ፤ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፤ በሬ ይታረዳል፤ ሕዝቡ እንደማይጣላና ጥፋቱን ያደረሱት «ጥቂት ግለሰቦች» እንደ ሆኑ ይነገራል። እኛም ይህን እናምናለን። ጥቂቶች ናቸው። ጥቂቶች ከሆኑ ግን ስማቸውን ማንበብ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ከበሬው ሥጋ ማወራረጃ ጊዜ አይበልጥም። ሰዎች ተያዙ ሲባል በሬዲዮ ይሰማል፤ የተያዙት ማን እንዳዘዛቸው፣ መሣሪያውን ማን እንዳቀበላቸው፣ ልጁ የሞተችበት እናት ተቀምጣ በምትሰማበት ችሎት ሲጠየቁ ግን አላየንም።

እዚህ ላይ «ሽማግሌ አይበቃም ወይ? ወሎ እኮ የእርቅ አገር ነው» የሚሉን አሉ። ይህን ክርክር አክብረን መመለስ ይገባናል፤ ያሳደጉን አባቶች ክርክር ነውና። በወሎ አበጋር የሚባል ሥርዐት አለ። ሰው ሲገደል አበጋሩ ከአገር ሽማግሌ ጋር ሆኖ በሁለቱ ወገን መካከል ይገባል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ ገዳዩ ይለያል፤ ዘመዶቹ ተጠርተው የደም ካሣ ይከፍላሉ፤ በቀሉም እዚያ ላይ ይቆማል። መንግሥት የሚባል ነገር እዚያ ቀበሌ ሳይታይ ብዙ ነፍስ የተረፈው በዚህ ነው። ነገር ግን የዚህ ሥርዐት ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ እናስተውል። ገዳዩ ቤት ያለው ሰው በመሆኑ ነው። ስሙ ይታወቃል፤ አባቱ ይታወቃል፤ ከብቱ የሚጠጣበት ምንጭ ይታወቃል። ዘመዶቹም ካሣውን የሚያወጡት በሚመጣው እሑድ ሰንበቴ ላይ ከሟች ወንድም ጋር ዐይን ለዐይን ስለሚገናኙ ነው።

እንግዲህ አጣዬ ላይ መትረየስ ጠምዶ የተኮሰው ሰው አባቱ ማን ይባላል? የደንብ ልብስ ለብሶ የጂሌ ጥሙጋን ገበሬ ገደለ የሚባለውስ ዘመዱ ከየትኛው መንደር ተጠርቶ ካሣ ይክፈል? ትእዛዙን በስልክ የሰጠ ሰው ካለ እርሱን በየትኛው ዋርካ ሥር እናስቀምጠው? አበጋሩ የማያውቀውን ሰው ሊያስታርቅ አይችልም። በዚህም ምክንያት ሽማግሌዎቹ የሚያስታርቁት ያልተገዳደሉትን ሰዎች ይሆናል። የከሚሴው ነጋዴና የአጣዬው ነጋዴ በጉባኤው ላይ ይተቃቀፋሉ፤ ድሮም አልተጣሉም ነበር። ገዳዩ ከአዳራሹ ውጭ ነው። አባቶቻችን የማይችሉትን ሸክም አሸክመናቸው፣ እርቁ ሲፈርስ ደግሞ «ሽማግሌ ድሮ ቀረ» ማለት ግፍ ይመስለናል።

በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያሉት ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ መድኃኒት ያዝዛሉ። አንደኛው ወገን «ይህ ዞን ባይኖር ጠቡ አይኖርም ነበር፤ ይፍረስ» ይላል። ሁለተኛው «ወደ ኦሮሚያ ይጠቃለል» ይላል። ከዋሽንግተንም ከሚኒያፖሊስም ሲታይ ሁለቱም ቀላል ነው፤ እዚያ ለእያንዳንዱ ወገን የየራሱ ሰልፍ አለው፤ በየሰልፉ የሚነሣው ፎቶግራፍም የራሱ ሟች ብቻ ነው። ወደ ኦሮሚያ ይጠቃለል ለሚሉት መልሱ በካርታው ላይ ነው። ዞኑ ከኦሮሚያ ክልል ጋር አይዋሰንም፤ በሰሜን ሸዋ፣ በደቡብ ወሎ፣ በአርጎባና በአፋር የተከበበ ነው። ይፍረስ ለሚሉት ደግሞ መልሱ በታሪካችን ውስጥ አለ። ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ስትቀላቀል የራሷ ምክር ቤትና ሰንደቅ ዓላማ ነበራት፤ ትግርኛና ዐረብኛ የሥራ ቋንቋዎቿ ነበሩ። ያ ውል በኅዳር 1955 ዓ.ም. ሲፈርስ የአንድነት ድል ተብሎ ተጨበጨበለት። ውጊያው ግን እስከ 1983 ዓ.ም. ቆየ። ከሚሴ ኤርትራ አይደለችም፤ መገንጠልን የጠየቀንም የለም። ሆኖም ሕዝብ በቋንቋው የሚማርበትንና የሚዳኝበትን መብት እንደ ጠብ ምክንያት ቆጥሮ መንጠቅ ምን እንደሚያተርፍ አይተነዋል።

ለነገሩ በክልል ውስጥ ያለ ክልል የኛ አገር ብቻ ፈተና አይደለም። ይህን የከሚሴን አውራ ጎዳና የሠሩት ኢጣልያኖች በአገራቸው ሰሜን ጫፍ ደቡብ ቲሮል የሚባል፣ አብዛኛው ሰው ጀርመንኛ የሚናገርበት ምድር አላቸው። ሙሶሊኒ እኛን ከመውረሩ በፊት የእነርሱን ትምህርት ቤት ዘግቶ፣ የመንደሮቻቸውን ስም በጣልያንኛ ለውጦ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 በአውሮፓ አቆጣጠር የራስ አስተዳደር ቃል ተገባላቸው፤ ሥልጣኑ ግን ጣልያንኛ ተናጋሪው ለሚበዛበት ሰፊ ክልል ተሰጠና ነገሩ ከረረ። በ1961 በሰኔ ወር በአንድ ሌሊት የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች በቦምብ ጋዩ። ሮማ ጦር ላከች፤ ይህን ማንም መንግሥት ያደርገዋል። ከዚህ በላይ ግን ሁለት ነገር አደረገች። በዚያው ዓመት ጀርመንኛ ተናጋሪዎች የተቀመጡበት የ19 ሰዎች ኮሚሲዮን አቋቋመች፤ ተከሳሾቹንም ሚላኖ ላይ በግልጽ ችሎት አቆመች። እስረኞችን አሠቃዩ የተባሉት ካራቢኒየሪዎችም ትሬንቶ ላይ ፍርድ ቤት ቀርበው አንዳቸውም ሳይቀጡ ወጡ፤ ይህ ለኢጣልያ ነውር ሆኖ ይኖራል። ቢሆንም ክሱ ተነበበ። በ1972 አዲሱ የአስተዳደር ደንብ ወጣ፤ በ1992 ኦስትሪያ ጉዳዩ አልቋል ብላ ለተባበሩት መንግሥታት አስታወቀች። ከቦምቡ እስከዚያ 31 ዓመት ነው። የጉባኤ በሬ በአንድ ቀን ይበላል፤ ሥራው ግን ይህን ያህል ይፈጃል።

ሩዋንዳዎችም ሣር ላይ ተቀምጦ መዳኘትን ጋቻቻ ብለው ሕጋዊ አድርገው ከ2002 እስከ 2012 በአውሮፓ አቆጣጠር ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ጉዳይ አዩበት። የአሸናፊው ጦር ወታደሮች ያደረሱት ግድያ ግን በዚያ ሣር ላይ አልታየም። አንዱን ወገን ብቻ የሚያይ ችሎት ለከሚሴና ለአጣዬ የሚመጣ ከሆነ ባይመጣ ይሻላል።

መንግሥት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነትም ይህንኑ ቃል ገብቶ ነበር። በወረቀት ላይ የጎደለ ነገር የለም። «ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በመንግሥት ጦርና በፋኖ መካከል ውጊያ ተነሥቶ ሳለ የምን ፍርድ ቤት ነው?» የሚል ይኖራል። ፍርዱ ሊዘገይ ይችላል፤ ምስክርነቱ ግን አይዘገይም። ያየ ሽማግሌ ይሞታል፤ ያየ ወጣት ወደ ዐረብ አገር ይሰደዳል፤ የተቃጠለው ቤት በቆርቆሮ ይሸፈናል። ቃላቸውን ዛሬ የሚጽፍ ሰው ከጠፋ ነገ የሚመጣው ዳኛ የሚያየው የኛን የተማሪዎችን ክርክር ብቻ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ከሰንበቴ እስከ ከሚሴ ባለው መንገድ ዳር የሞተው ሰው ሁሉ፣ አማራም ይሁን ኦሮሞ፣ ስሙና የሞተበት ቦታ በአንድ መዝገብ ይጻፍ። ችሎቱ በአማርኛም በኦሮምኛም ይሰማ፤ ሕገ መንግሥቱ በ20ኛው አንቀጽ ተከሳሽ የማያውቀው ቋንቋ ሲሆን በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቀርብለት አዟል፤ ለሟች እናት ይህ ሊነፈጋት አይገባም። አበጋሮቹም ከዳኛው ጎን ይቀመጡ፤ ገዳዩ ተለይቶ ሲቀርብላቸው ካሣውንና እርቁን ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ያዘዘ ባለሥልጣን ቢኖር ከየትኛውም ዞን ይሁን ከክልሉም ይሁን ከላይ፣ ከፊት ወንበር ተነሥቶ ወደ ተከሳሽ ሣጥን ይሂድ።

ይህን ጽሑፍ ከመካከላችን ሁለቱ ወደ ኦሮምኛ እየመለሱት ስለ ሆነ በሚቀጥለው ዕትም በሁለቱም ቋንቋ ይወጣል። የማይስማማ አንባቢ በአንዱ ቋንቋ ይጻፍልን፤ የደረሰን ሁሉ ሳይቆረጥ ይታተማል፤ «እነሱ ጀመሩት» የሚል ብቻ ከሆነ ግን ወረቀት ተወዷልና አዘጋጆቹ አይቀበሉትም።