«አነስም አገልግለዋል» ለምትሉን



ውድ የጎብዬና የአካባቢዋ ጀማዓ፣ ይህ መልእክት ለሁላችንም ነው። በተለይ ግን ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ለምታለሙ፣ ሱቅና ምግብ ቤት ለከፈታችሁ፣ ከገጠር ልጅ አስመጥታችሁ ለቤት ሥራ ለምታስገቡ፣ በመሐል ሆናችሁ ኮሚሽን ለምትቆርጡ ደላሎችም ነው።

የምናየውን እንናገር። የሽንኩርት ነቀላ ሲደርስ የ10 እና የ11 ዓመት ልጆች በጠዋት ተሰብስበው ማሳ ይወርዳሉ፤ ትከሻቸው የማይችለውን ጆንያ ይሸከማሉ። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚያልፈው አስፋልት ላይ መኪና ሲቆም ሌሎቹ ውሃና ቆሎ ይዘው ከመስኮት መስኮት ይሮጣሉ። ሴቶቹ ልጆች ደግሞ ጭራሽ አይታዩም፤ በየከተማው በሰው ጓዳ ናቸው። ማታ ሒሳብ ሲሠራ ለአዋቂው ሙሉው ይከፈላል፣ ለልጁ ግማሹ። አንዳንዴም «ነገ ና» ይባላል።

ይህን ስንናገር መልስ አይጠፋም። ከሁሉ የሚያሳዝነን ግን ዲንን ለዙልም መከታ የሚያደርገው ነው፦ «አነስ ኢብኑ ማሊክም እኮ በ10 ዓመታቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አገልግለዋል» ይሉናል።

እውነት ነው፣ አገልግለዋል። ታሪኩን ግን እስከ መጨረሻው ተናገሩት። እናታቸው ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ልጃቸውን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሥር ሆኖ እንዲያድግ ሰጡ እንጂ ለደላላ አልሸጡም። አነስ (ረ.ዐ) ራሳቸው እንደመሰከሩት በ10 ዓመት ውስጥ አንዲት የመሰልቸት ቃል አልሰሙም፤ ስለሠሩት ወይም ስላልሠሩት ነገር ተቆጥተዋቸው አያውቁም። ከዚያ ቤትስ ምን ሆነው ወጡ? ከ2,200 በላይ ሐዲሦችን ለኡማው ያስተላለፉ ታላቅ ዓሊም ሆኑ። እናንተ ዘንድ ሦስት ዓመት የሠራ ልጅ ምን ሆኖ ይወጣል? ፊደል ያልለየ፣ ፋቲሓን አስተካክሎ መቅራት ያልቻለ፣ ወገቡ ቀድሞ የጎበጠ ጎረምሳ! አነስን ማስረጃ የሚያደርግ ሰው መጀመሪያ ልጁን እንደ አነስ ይያዝ።

ሥራ ነውር ነው አላልንም። የራያ ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ከማሽላው ላይ ወፍ እያባረረ፣ ፍየል እያገደ ነው ያደገው። ነቢያትም በግ ጠብቀዋል። ከአባቱ ጎን እርሻ የሚለምድ ልጅ ሲደክመው ያርፋል፣ ሲታመም ይተኛል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ትምህርቱ ይሄዳል። ተቀጣሪው ልጅ ግን የሚያዝንለት የለውም፤ ቢወድቅ በቦታው ሌላ ልጅ ይተካል። አባትም ቢሆን ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ ጉልበቱን ብቻ ከፈለገ ከተጠያቂነት አያመልጥም። ደረሳን ከኪታቡ አርቆ እርሻው ላይ የሚያውል ኡስታዝ ካለም ሚዛኑ ለእሱም ያው ነው።

«ልጅ እስከ ስንት ዓመት ነው?» ለሚሉን ደግሞ መልሱ ቅርብ ነው። ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) በ14 ዓመታቸው ለኡሑድ ዘመቻ ቀርበው ተመለሱ፤ በኸንደቅ ጊዜ 15 ሞልቷቸው ተፈቀደላቸው። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ ይህን ሲሰሙ በልጅና በአዋቂ መካከል ያለው ድንበር ይህ ነው ብለው ለሹሞቻቸው ጻፉ። በሻፊዒ መዝሀብም ሌላ የጉልምስና ምልክት ያልታየበት ልጅ የሚለየው በ15 ዓመት ነው። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠራ ያዛል። ኪታቡም አዋጁም አንድ ቁጥር ላይ ቆመው ሳለ እናንተ የቆማችሁት የት ነው?

የቤት ሠራተኛዋን ልጅ ይህ አዋጅ በቀጥታ አያቅፋትም፤ የእሷን ጉዳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስን ትቶታል። ሕጉ ያላቀፋትን ልጅ ግን አማና ያቅፋታል። በቤታችሁ የምታድር የሰው ልጅ አማና ናት።

«አዝነንላቸው ነው፤ ባንቀጥራቸው ይራባሉ» የምትሉም አላችሁ። ችግሩን እናውቀዋለን። በ2013 ክረምትና በ2014 ነሐሴ ጦርነቱ በዚህ ምድር ሲያልፍ ስንት ቤት አባት አልባ እንደቀረ የቀበርን እናውቃለን። ከዚያ ወዲህም በክልላችን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች በግጭት ምክንያት ከትምህርት ውጭ ቀርተዋል። ነገር ግን ያዘናችሁለት ከሆነ ለምን በግማሽ ዋጋ? እዝነት ዋጋ አይቆርጥም። አላህ የየቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበላ በሆዱ እሳት እንደሚያስገባ አስጠንቅቋል፤ ጉልበቱስ የየቲሙ ገንዘብ አይደለምን? ሽንኩርቱን በኪሎ ስትሸጡ ሚዛን ትጠብቃላችሁ፣ የልጁን ላብ ስትገዙ ግን ታጎድላላችሁ።

ለየቲሙ አላህ የደነገገው በር ሌላ ነው። ኒሷብ የሞላ ማሽላና ጤፍ በዝናብ ከበቀለ አንድ አሥረኛው፣ በወጪ ውሃ ከጠጣ የዚያ ግማሽ ዘካ አለበት። በሽንኩርቱ ላይ ዑለማዎች ቢለያዩም፣ ኒሷብ ሞልቶ ዓመት የዞረበት የሽያጭ ገንዘብ 2.5 በመቶ እንደሚወጣበት የታወቀ ነው። ዘካውን ደብቆ የሚስኪኑን ልጅ በርካሽ የሚቀጥር ሰው «እያበላሁት ነው» ባይል ይሻለዋል።

ደግሞ የገበያውን ነገር አስቡት። ልጁ በግማሽ ዋጋ ሲገኝ አባቱን በሙሉ ዋጋ ማን ይቀጥራል? የአዋቂው ዋጋ ይወርዳል፣ ወጣቱ ሥራ ፈት ይሆናል። ከዚያ ያው ደላላ መጥቶ «ሳዑዲ» ይለዋል፤ በጅቡቲ በኩል ባሕሩን፣ በየመን በኩል በረሃውን ያሳየዋል። ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ «ልጆቻችን በባሕር አለቁ» ስትሉ የሰማናችሁ፣ አገር ውስጥ ዋጋ ያሳጣችኋቸው እናንተው ናችሁ። አገሪቱም ከዚህ አላመለጠችም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከ5 እስከ 17 ዓመት ካሉ ልጆች ወደ 16 ሚሊዮን የሚሆኑት በሕፃናት ጉልበት ሥራ ላይ መሆናቸውን አሳይቷል። የሚበዙትም እንደኛ ባለው ገጠር ናቸው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው፦

1. ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ አትቅጠሩ። እጅ ካነሳችሁ አባቱን፣ አጎቱን ወይም ታላቅ ወንድሙን ቅጠሩ።
2. ከ15 በላይ ለሆነው የአዋቂ ሥራ ካሠራችሁት የአዋቂ ዋጋ ክፈሉት፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንዳዘዙት ላቡ ሳይደርቅ።
3. ቤታችሁ ያለችው ልጅ ትማር፤ ደመወዟም በእጇ ይግባ እንጂ በደላላ ኪስ አይቅር።
4. የመስጊድ ኮሚቴዎች የየቲሞችን ስም መዝግቡ፤ ዘካው ደብተርና ቀለብ ሆኖ ይድረሳቸው።
5. እኛም በየመድረሳው የቁርኣን ሰዓታችንን ከትምህርት ቤት ፈረቃ ጋር እናስማማ፤ ልጁ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ አናስገድደው።

ሠራተኛን አሠርቶ ዋጋውን የከለከለን ሰው በቂያማ ቀን የሚሟገተው አላህ ራሱ ነው። ያን ቀን ጠበቃ የለም፣ ደላላም የለም።

አላህ ሐላሉን ያብቃቃን፣ ለልጆቻችን በረካ ያለው ዕውቀት ይስጣቸው። አሚን።

መልእክቱን ለእርሻ ባለቤቶችና ለነጋዴዎች አድርሱልን።