ከኤርፖርቱ በር እስከ ደጃችን፦ የቂርቆስና የካዛንቺስ ነዋሪዎች አቤቱታ

ለአዲስ አበባ ከተማ የትራንስፖርት ኃላፊዎች
ለቦሌ አየር ማረፊያ አስተዳደር
ለአዲሱ የቢሾፍቱ አየር ማረፊያ ግንባታ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሕዝብ ትራንስፖርት እንዲመደብልን፣ ለቢሾፍቱም ከወዲሁ እንዲታሰብበት ስለመጠየቅ



እኛ አመልካቾች በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ባለው አካባቢ የምንኖርና የምንሠራ ነን። ከመካከላችን በኮሪደር ልማቱ ከካዛንቺስ ተነሥተው ገላን ጉራና ሌላም ቦታ የገቡ ጎረቤቶቻችን አሉ። ልማቱን ለመቃወም አልመጣንም። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ አምሯል፣ ይህን ዓይናችን አይቷል። አቤት የምንለው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ከአውሮፕላን የወረደ ሰው በሕዝብ ትራንስፖርት፣ በታወቀ ዋጋ፣ በማንኛውም ሰዓት ቤቱ መድረስ አለመቻሉ።

ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ ኤርፖርት ስድስት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህ ቅርበት ለከተማችን ትልቅ ጸጋ ነበር። የልደታው ማኮብኮቢያ ለጄት አልበቃ ብሎ የቦሌው በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲሠራ፣ ሰፈራችን የአህጉሩ መሰብሰቢያ እየሆነ ነበር። አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ተመርቆ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 የተመሠረተው እዚሁ እኛ ዘንድ ነው። ከዚያ ወዲህ ኤርፖርቱ አድጓል። በጥር 2011 የተመረቀው ማስፋፊያ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ተደርጎ ተሠርቷል። ተርሚናሉ ሲሰፋ ግን ከተርሚናሉ ወደ ሰፈር የሚወስደው የሕዝብ መጓጓዣ አብሮት አልሰፋም።

ቀላል ባቡሩ በ2008 መስከረም ሥራ ሲጀምር ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በ475 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው ይህ ባቡር ምሥራቅን ከምዕራብ፣ ሰሜንን ከደቡብ አገናኝቷል። በካዛንቺስ ግርጌም በዑራኤልና በባምቢስ በኩል ያልፋል። ወደ ቦሌ ኤርፖርት ግን የሚታጠፍ መስመር የለውም። ሚኒባሱም የሚያወርደን ከኤርፖርቱ ቅጥር ውጭ ስለሆነ፣ የቀረውን መንገድ ሻንጣ እየጎተትን በእግር ነው።

ነገሩ የሚብሰው በሰዓቱ ነው። የቦሌ ኤርፖርት ቀንና ሌሊቱ እንደ ሌላው የከተማ ሥራ አይደለም። ወደ አውሮፓና ወደ ሌላው ሩቅ አገር የሚሄደው በረራ በብዛት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ይነሣል፤ የሚመለሰው ደግሞ ንጋት ላይ ተከታትሎ ያርፋል። የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው የሚወጡ፣ ሰርቪስ የሌላቸው የጽዳትና የካፌ ሠራተኞችም የሚንቀሳቀሱት በዚሁ ሰዓት ነው። ሰው እጅግ በሚበዛበት በዚህ ሰዓት ታክሲ ተራው ጭር ይላል፣ አውቶቡሱም አይገኝም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ከአረብ አገር የሚመለሱት ልጆቻችን ጉዳይ ነው። ከቤይሩት፣ ከሪያድ፣ ከዱባይ ዓመታት ሠርታ የመጣች ልጅ ከተርሚናሉ ስትወጣ የምትይዘው ስልክ የአገር ውስጥ ሲም ካርድ የለውም። ስለዚህ በስልክ መኪና መጥራት አትችልም። በእጇ የአገሩ ገንዘብ የላትም፣ ዋጋውንም አታውቅም። ካዛንቺስ ትታው የሄደችው ቤት ፈርሶ ቤተሰቧ ዳር ከተማ እንደገባ የምታውቀው በስልክ ብቻ ነው፣ ሰፈሩን አይታው አታውቅም። የተጠየቀችውን ሁሉ ትከፍላለች። ቤተሰብ ሊቀበላት እንዳይመጣ፣ በዚያ ሰዓት የሚመጣበት መኪና እሱም የለውም። ለዚህች አገር የውጭ ምንዛሪ ስትልክ የኖረች ልጅ በመዲናዋ ደጃፍ ላይ እንዲህ ልትጨነቅ አይገባም።

በዚህ ሹፌሮችን አንከስም። ብዙዎቹ የሰፈራችን ልጆች ናቸው። ለነዳጅ ተሰልፈው ያድራሉ፣ ለአንድ መንገደኛ ሰዓታት ይጠብቃሉ፣ ያን የጠበቁበትን ጊዜም ከአንዱ ሰው ኪስ ካላወጡ ቤታቸው አይሞላም። ሌላ አማራጭ እስካልተዘጋጀ ድረስ ሹፌሩና መንገደኛው በዋጋ መጨቃጨቃቸው የማይቀር ነው።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት እንደያዘው ለማየት ሩቅ ማሰብ አያስፈልገንም። የሰፈራችን አደባባይ በስሟ የተጠራላት ሜክሲኮ፣ ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ሲይዝ ወረራውን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት፤ በዋና ከተማዋ ሜትሮ ውስጥም «ኢትዮጵያ» የሚባል ጣቢያ አለ። በዚያችው ከተማ ዋናው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የሜትሮ ጣቢያ ከተከፈተ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከተርሚናሉ በርም አውቶቡስ ወደ መሀል ከተማ ይነሣል። እዚያው ግን ሊያስተምረን የሚገባ ሌላ ነገርም ሆኗል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ከከተማዋ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሁለተኛ ኤርፖርት ሲመረቅ፣ ወደዚያ የሚወስደው ባቡር አልደረሰም ነበር። አዲሱ ሕንፃ ተከፍቶ ሳለ ብዙ መንገደኛ በሩቅነቱ ሸሸው።

ይህን የምናነሣው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። በጥር 2018 ግንባታው የተጀመረው የቢሾፍቱ አየር ማረፊያም ከእኛ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታቅዷል። አገራችን ይህን ስትሠራ በማየታችን እንኮራለን። ነገር ግን ዛሬ ስድስት ኪሎ ሜትር ያስጨነቀን እኛ፣ ነገ በሌሊት ይህን ሁሉ መንገድ በምን እንሄዳለን? ለአንድ ጉዞ የሚከፈለው ዋጋ የአንድ ቤተሰብ የወር አስቤዛ ቢሆን፣ ኤርፖርቱ የማን ይሆናል?

ስለዚህ በትሕትና የምንጠይቀው ይህ ነው። ከተርሚናሉ በር ተነሥቶ በመስቀል አደባባይ በኩል ካዛንቺስና ሜክሲኮ የሚደርስ የከተማ አውቶቡስ ይመደብልን፤ ሰዓቱም የቢሮ ሰዓትን ሳይሆን የበረራውን ሰዓት ይከተል። ከካዛንቺስ የተነሡ ወገኖቻችን ወደገቡባቸው አዲስ ሰፈሮችም ቢያንስ ንጋት ላይ አንድ መስመር ይኑር። የታክሲና የሜትር ታክሲ ዋጋ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ መንገደኛው ሻንጣውን በሚቀበልበት አዳራሽ ይለጠፍ። ስልኩ ለማይሠራለት ሰው ከሰው ጋር ተነጋግሮ መኪና የሚያዝበት መስኮት ይከፈት፤ ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፣ ከአንድ ጠረጴዛና ከሁለት ፈረቃ ሠራተኛ አያልፍም። የቢሾፍቱ ኤርፖርት ደግሞ የመጀመሪያውን መንገደኛ ከመቀበሉ በፊት የሕዝብ ባቡሩ ወይም አውቶቡሱ ሥራ ይጀምር፤ ታሪፉም ሲወሰን የቀን ሠራተኛው አቅም ይታሰብ።

ይህን አቤቱታ አይታችሁ በጽሑፍ መልስ እንድትሰጡን፣ መስመሩ ሲጠናም የሰፈሩን ተወካዮች ጠርታችሁ እንድታወያዩን በታላቅ አክብሮት እናመለክታለን።

አመልካቾች፦ የቂርቆስና የካዛንቺስ ነዋሪዎች፣ ሠራተኞችና ከካዛንቺስ የተነሡ ወገኖች