እሬቱን ከተራራው አትንቀሉ፣ ዘሩን ልቀሙ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጤፍም ስለ ማዳበሪያም አይደለም፤ ስለ እሬት ነው። «እሬት ደግሞ ምን ምክር ያስፈልገዋል?» እንዳትሉኝ።

ሰሞኑን ከኮተቤ ወደ የካ ተራራ ስወጣ ሁለት ወጣቶች ከነሥሩ የተነቀለ እሬት በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመው ሲወርዱ አገኘሁ። መንገድ ዳር ላለ ችግኝ ሻጭ ነው አሉኝ። ውሃ ብዙ ስለማይፈልግ ግቢውን በእሬት የሚያሳምር ከተሜ በዝቷል። ልጆቹን አልተቆጣኋቸውም፣ እንጀራ ነው። ግን አንዱን እሬት ዛሬ አንዴ ሸጡት፣ አለቀ። ቆሞ ቢያብብ ከአንዱ የአበባ ዘንግ ብቻ ስንት ችግኝ ይገኝ ነበር!

ተራራውም ይጎዳል። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ሥሩ ሣር እንደ ልብ አያበቅልም፤ ክረምት ሲመጣ አፈሩ ወደ ታች ይወርዳል። እሬት ግን ድንጋያማ ቦታ ላይ አፈር ይይዛል፣ መራራ ስለሆነ ከብት አይነካውም፣ አበባው ለንብ ቀሰም ነው። ለእርከን ዳርና ለቦረቦር አፍ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

«ከእናቱ ሥር የሚወጣውን ልጅ ገንጥሎ መትከል አይቀልም?» የሚሉኝ አሉ። ይቀላል፣ ይፈጥናልም። እኔም መጀመሪያ ያደረግሁት እሱን ነው። ከአንድ እናት የገነጠልኳቸውን በአጥር ዳር ደረደርኩ፣ አበቡ፣ ደስ አለኝ፤ ፍሬው ግን ባዶ ሆነ። ለካ አብዛኛው እሬት በራሱ ብናኝ ዘር አይዝም፣ ከሌላ እሬት ብናኝ ይፈልጋል። የአንድ እናት ልጆች ደግሞ መቶ ቢሆኑም እንደ አንድ ተክል ናቸው። አንድ በሽታ ቢመጣ ሁሉንም እኩል ያገኛቸዋል። ስለዚህ ዘሩን ከአንድ ሳይሆን ተራርቀው ከቆሙ ከብዙ እሬቶች ልቀሙ። ከግቢ አትልቀሙ፤ እዚያ ከውጭ ከመጣው ጋር ተዳቅሎ ምን እንደሚወጣ አይታወቅም።

አለቃቀሙ እንዲህ ነው። ፍሬው የሚደርሰው ከዘንጉ ታች ጀምሮ ነው። የታችኛው ቡናማ ሆኖ መሰንጠቅ ሲጀምር ዘንጉን ቁረጡና በወረቀት ከረጢት ውስጥ ጥላ ላይ አድርቁት። አንድ ሳምንት ከዘገያችሁ ዘሩ ክንፍ ስላለው ነፋስ ይወስደዋል። ከየተክሉ ግን ጥቂት ዘንግ ለተራራው ተዉ።

ለመዝራት የተሰነጠቀ ጀሪካን ይበቃል፣ ታቹን ብሱት። አሸዋው ይብዛ፣ ጥቂት የበሰለ ኮምፖስት ጨምሩ። ዘሩን ከላይ በትናችሁ በስሱ አሸዋ ብቻ አልብሱት። እኔ እንደ ባቄላ ቀበርኩትና አንድም አልበቀለም! በሁለተኛው ደግሞ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣሁት፣ የበቀለው በሙሉ በሰበሰ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይበቅላል። እስኪበቅል እርጥበት አይለየው፣ ከዚያ ላዩ ሲደርቅ ብቻ አጠጡ። ከውርጭና ከቀትር ፀሐይ ጠብቁት። ዘሩን ዓመት ሳያልፈው ዝሩት፤ በቆየ ቁጥር መብቀሉ ይቀንሳል።

ለሽያጭ እስኪደርስ ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል፣ አልዋሻችሁም። እሬቱ እስኪደርስ ጎመናችሁን ትሸጣላችሁ።

አገራችን ከ40 በላይ የእሬት ዓይነት አላት፤ ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ ውጭ የሉም። በሳይንስ ስማቸው በደብረ ብርሃንና በአንኮበር የተጠሩም አሉ። የዱር እሬት ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ዓለም አቀፍ ስምምነት ይጠብቀዋል። እዚህ ከተራራው ወርዶ መንገድ ዳር ሲሸጥ ግን «ከየት አመጣኸው?» ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም። እኔ ብሆን ችግኝ ሻጮች ከዘር የፈላውን ብቻ ይግዙ እላለሁ፣ ገዢውም ይጠይቅ። የተነቀለው ያስታውቃል፤ ሥሩ የተበጣጠሰ፣ ቅጠሉ የተጫጫረ ነው።

በአካባቢያችሁ ዘንጉ ቡናማ የሆነ እሬት ካያችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ ደርሷል ወይስ ይቆይ እነግራችኋለሁ።