ቃልና ፍቺው፦ ፍሳሽ

የዛሬው ቃላችን «ፍሳሽ» ነው።

ፍሳሽ ማለት ከቤት፣ ከሽንት ቤት፣ ከቄራ ወይም ከፋብሪካ የሚወጣ ቆሻሻ ውሃ ነው። ልብስ የታጠበበት እጣቢ ወደ ደጅ ሲደፋ ፍሳሽ ይሆናል።

ቃሉ ከየት መጣ? ሥሩ «ፈሰሰ» የሚለው ግሥ ነው። ከዚህ ሥር ብዙ ቃላት ወጥተዋል። በጣና ዙሪያ ያለ ገበሬ ውሃ ማሳው ላይ እንዳይተኛበት በማረሻው ቦይ ያወጣል። ስሙንም «ፈሰስ» ይለዋል።

አሁን እነዚህን ሁለት ቃላት ጎን ለጎን አንብቡ፦

ፈሳሽ — ፍሳሽ

የሚለያዩት በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው። ጠራጊ የሚጠርገው ሰው ነው፤ ጥራጊ ተጠርጎ የሚጣለው ነው። ቆራጭ የሚቆርጠው ነው፤ ቁራጭ ተቆርጦ የወደቀው ነው። እንደዚሁም ፈሳሽ የሚፈስ ነገር ሁሉ ነው፤ ውሃም ወተትም ዘይትም ፈሳሽ ናቸው። ፍሳሽ ግን ፈስሶ የወጣው፣ የተጣለው ነው።

የፊደሏ ለውጥ ትንሽ ናት፤ ነገሩ ግን ትልቅ ነው። ልጅ ሲያስቀምጠው የጤና ሠራተኛዋ «ፈሳሽ በብዛት ስጡት» ትላለች። ተቅማጥ የሰውነትን ውሃ ይጨርሳል። ውሃው ካልተተካ ልጁ ሊሞት ይችላል። ኦ.አር.ኤስ. ከተሰጣችሁ በንጹሕ ውሃ በጥብጡት። የውሃው ልክ ፓኬቱ ላይ ተጽፏል። እንግዲህ ማንበብ ችላችኋልና ራሳችሁ አንብቡት!

ልጁን ያሳመመው ግን ብዙ ጊዜ ፍሳሽ ነው። የሽንት ቤት ፍሳሽ ምንጭ ውስጥ ሲገባ የተቅማጥ፣ የታይፎይድና የኮሌራ ጀርም ይዞ ይገባል። ውሃው ኩልል ብሎ ቢታይም ጀርም በዓይን አይታይም። ፈሳሽ ያድናል፣ ፍሳሽ ይገድላል።

ምን እናድርግ? ሽንት ቤት ከምንጭና ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከውሃው በታች በኩል ይቆፈር። የመጠጥ ውሃ ይፈላ። ከሽንት ቤት ስንወጣ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ይባላል። ፍሳሽም አንዴ ምንጭ ከገባ ለቅሞ ማውጣት አይቻልም። መንገዱን አስቀድሞ ማስለወጥ ግን ይቻላል። ለማሳው ፈሰስ የሚያወጣ ገበሬ ለምንጩ ማውጣት አያቅተውም።

መልመጃ፦ ፈሰሰ፣ ፈሳሽ፣ ፍሳሽ፣ ፈሰስ የሚሉትን ቃላት ጻፉ። በመንደራችሁ ፍሳሽ ወዴት እንደሚሄድ ተከትላችሁ እዩ።